ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የነፃ ትምህርት ዕዳ

ነፃ ትምህርት በእርግጥ ነፃ ነውን? ይህ ጥያቄ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ቁጥር በእኛ በተማሪዎች መካከል የሚነሣ፣ በምግብ አዳራሽም በመኝታ ክፍልም የሚያከራክር ነው። ከፊላችን፣ ዕድሉን የሚሰጠው መንግሥት ወይም ድርጅት የራሱን ጥቅም ሳያይ ገንዘቡን አያወጣም፤ ስለዚህ ተማሪው ሳያውቀው ለሰጪው ይገዛል እንላለን። ከፊላችን ደግሞ፣ ዕውቀት ከየትም ቢመጣ ዕውቀት ነው፤ ሰጪው ምንም ቢያስብ ተቀባዩ ልቡን ከጠበቀ የሚጎዳው የለም እንላለን። በመካከሉም ዝም ብሎ ፎርሙን የሚሞላ ብዙ ነው።

ነገሩ በክርክር ብቻ የሚያልቅ ስላልመሰለን፣ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በኑሮ የመለሱትን የአንድ ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ወደድን። እኒህም ሰው በዘመናዊ ሕክምና ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት ነበር። ንጉሡ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችንም አውሮፓውያን ስላሰሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ አስነሥቶ ላከ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች። ዐፄ ቴዎድሮስም ለጠላት እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። አምባው ተዘረፈ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳትም በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። ከዚያ ሁሉ ምርኮ ጋር፣ በግርግሩ ከወላጆቹ ተለይቶ የቀረ የሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሕፃን ነበረ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኮንን ሕፃኑን ይዞ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ወርቅነህ ከአገሩ የወጣው እንዲህ ነው። ማመልከቻ አልጻፈም፣ ፈተና አልተፈተነም፣ የጠየቀውም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ከዚያው አምባ የተወሰደውን ሌላውን ልጅ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እርሱ በካፒቴን ስፒዲ አማካይነት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያ አሰበችለት፤ ወጪውን የእንግሊዝ መንግሥት ቻለ፤ ራግቢ በሚባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን የትውልድ አገሩን ናፍቆት ከልቡ ሳይወጣ፣ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ በምትባለው ከተማ ታሞ ሞተ፤ በዊንድሶርም ተቀበረ። ከሁለቱ ልጆች በነፃ ትምህርት ረገድ የበለጠ የተሟላለት ዓለማየሁ ነበረ። ነገር ግን ምን እንደሚማር፣ የት እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚመለስ የሚወስኑለት ሌሎች ነበሩ። የተሟላ ድጎማና የተሟላ ነፃነት አንድ አለመሆናቸውን የዚህ ልዑል ታሪክ ያሳየናል።

ወደ ወርቅነህ እንመለስ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙ ሳይቆይ በመሞቱ ሕፃኑ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። በዚያን ጊዜ በፑንጃብ አውራጃ አምሪትሳር በምትባለው ከተማ ያሉ የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን በትምህርት ቤታቸው ተቀበሉት፤ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንንም የትምህርቱን ወጪ ከኪሱ ይከፍልለት ጀመር። ልጁም ቻርልስ የሚለውን ስም ከመጀመሪያው አሳዳጊው፣ ማርቲን የሚለውን ከሁለተኛው ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ጠፋ። አማርኛውም ጠፋ። ያደገበት ቋንቋ እንግሊዝኛና የዚያ አገር ሕዝብ ቋንቋ ሆነ።

ትምህርት ግን አልጠፋውም። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው በላሆር ከተማ ወዳለው የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ጨረሰ። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ወጣት በእንግሊዝ ቅኝ አገር የሐኪምነት ማዕረግ ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በላሆር ያገኘው ማስረጃ ከረዳት ሐኪምነት አልፎ የሚያስኬደው ስላልሆነ፣ ከደመወዙ አጠራቅሞ ወደ ስኮትላንድ ሄደ፤ በዚያም ተምሮና ተፈትኖ ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። ከእንግዲህ ሐኪም ወርቅነህ እንላቸዋለን። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት በርማ ወደምትባለው፣ ዛሬ ማያንማር ወደተባለችው አገር በሐኪምነት ሾማቸው።

ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ የሚያስወቅስ ነገር አልነበረውም። ጥሩ ደመወዝ፣ የተከበረ ሥራና የጡረታ ተስፋ ነበራቸው። አገራቸውን የሚያውቋት በስም ብቻ ነው። ያስተማሯቸውም እንግሊዞች ስለ ሆኑ፣ ዕዳ አለብኝ ቢሉ ዕዳው ለእንግሊዝ ነው የሚል ሁሉ በቂ ምክንያት ነበረው። በርማ ውስጥ በሚሠሩት ሥራም ያን ዕዳ በየዕለቱ ይከፍሉ ነበር።

ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በዓድዋ የጣሊያንን ጦር ድል አደረገ፤ ወሬውም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተሰማ። ሐኪም ወርቅነህም በሩቅ ምሥራቅ ሆነው ሰሙ። የተወለዱባት አገር ራሷን ችላ የቆመች መሆኗን ሲሰሙ ሊያዩዋት ተነሡ። ፈቃድ ተቀብለው በኤደንና በዘይላ በኩል፣ በሐረርም አልፈው በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በድንኳን ውስጥ ሆነው ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። ሕመሙን የሚነግራቸው ሰው በገዛ ቋንቋቸው ይናገራል፤ እሳቸው ግን አስተርጓሚ ያሻቸዋል። ከዚህ የበለጠ የትምህርት ዋጋ ምን አለ? መድኃኒቱን አውቆ የበሽተኛውን ቃል አለማወቅ፣ ከአገር ርቆ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ፈተና ነው።

በመቅደላ ጠፍቶ የነበረ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ተሰማ። ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት አያታቸው ቀርበው አዩዋቸው፤ በልጅነት ከሰውነታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ መርምረው የልጃቸው ልጅ መሆናቸውን አረጋገጡ። ቻርልስ ማርቲን የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሳሉ፣ የክርስትና ዘመዶቻቸው የሚያውቋቸው ወርቅነህ ተብለው መሆኑን ተረዱ። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ዶክተር ማርቲን፣ በአገራቸው ሐኪም ወርቅነህ ተብለው ኖሩ። አማርኛንም እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምረው ተማሩ።

ይሁን እንጂ ለመቅረት አልቻሉም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ነበሩና የፈቃዳቸው ጊዜ ሲያልቅ በ1893 ዓ.ም. ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ የመጡት በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አግብተው ቤተ ሰብ መሠረቱ። በአገራቸው መሬት ላይ እየኖሩ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከባዕድ መንግሥት ስለ ነበረ፣ እንግሊዝ ናቸው ብሎ የሚጠራጠራቸው አልጠፋም። ይህን ሐሜት መካድ አይገባም፤ መሠረት ነበረውና። ዜግነታቸውም ሆነ ደመወዛቸው እንግሊዛዊ ነበር። የሰው ልብ ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ልባቸው ወዴት እንደ ነበረ የታየው ኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በርማ ሄደው የቀረውን የአገልግሎት ዘመናቸውን ፈጽመው፣ ጡረታቸውን ይዘው በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለመኖር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሐምሳ አምስት ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። ሌላው ሰው ለማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ ለእሳቸው ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነበር።

በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ በበላይነት እንዲመሩት የተመረጡት ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ። በሌላ ሰው ችሮታ የተማረው ልጅ አሁን የሌሎች ልጆችን ትምህርት የሚጠብቅ ሆነ። በአማርኛ የሚሰጠው የዘመናዊ ትምህርት መጽሐፍ ጥቂት በነበረበት በዚያ ጊዜ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ፊደል የቆጠሩ ሰው ለአማርኛ አንባቢ መጽሐፍ ለመጻፍ መብቃታቸውን ልብ እንበል። ፍቅርና አገልግሎት የተባለውንም ማኅበር አቋቁመው፣ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ። ከወላጆቹ ተነጥቆ የተወሰደ ሕፃን ምን እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ ያውቁ ነበርና።

አሁን በመጀመሪያው ክርክራችን ላይ ብርሃን የሚሰጠው ነገር ይመጣል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። እንግሊዞች ለግብፅና ለሱዳን ጥጥ እርሻ ሲሉ በጣና ላይ ግድብ እንዲሠራ ይፈልጉ ነበር፤ ሥራው ግን በእነርሱ እጅ እንዲሆን ነው። በ1920 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ላከ። እሳቸውም በኒው ዮርክ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ መንግሥት እጅግ ተቆጣ። ያሳደጋቸው፣ ያስተማራቸው፣ ጡረታ የሚከፍላቸው መንግሥት የማይወደውን ሥራ ለአገራቸው ሲሉ ሠሩ። በዚያው ጉዞ ወደ ሐርለም ሄደው ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ በዚያን ጊዜ አልተሠራም። ነገር ግን ነፃ ትምህርት የተቀበለ ሰው ለሰጪው ይገዛል የሚለው ክርክር በሐኪም ወርቅነህ ላይ አልሠራም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር አውራጃ ገዢ ሆነው ተሾሙ። የአውራጃው ከተማ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለው ናት። በዚያም መንገድ በማሠራት፣ የግብርን አሰባሰብ በማስተካከልና ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችን በሥራ ላይ በማዋል አውራጃው ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ጣሩ። የተማረ ወጣት ተቀምጦ ሹመት ከሚጠብቅ ከባለሙያ ሥር ሆኖ ሥራ እየሠራ ቢማር፣ ለአገርም ለራሱም እንደሚጠቅም በጨርጨር ታየ። ዛሬ የሥራ ልምምድ የምንለው ነገር በመንፈሱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የጣሊያን ጦርነት በቀረበ ጊዜ፣ በ1927 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳትገዛ በተከለከለችበት፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል አገራችንን ቆርሰው ለጣሊያን ለመስጠት በመከሩበት ጊዜ፣ እኒህ ሽማግሌ በለንደን ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። የሚናገሩበት እንግሊዝኛ ከምርኮ ያገኙት እንግሊዝኛ ነው። የሚያውቁት የእንግሊዝ ሰው ጠባይ ሁሉ በአምሪትሳርና በላሆር፣ በስኮትላንድና በበርማ ያጠኑት ነው። ያን ሁሉ ትምህርት እንግሊዝን በእንግሊዝ ሕሊና ፊት ለመክሰስ አዋሉት። ለኢትዮጵያ ከቆሙት ከነሲልቪያ ፓንክረስትም ጋር አብረው ደከሙ። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ዐወቀ።

ከዚህ በፊት ግን የከፋ ነገር ደርሶባቸዋል። ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። አባታቸው ተማርከው ያገኙትን ትምህርት ልጆቻቸው በአባት ፈቃድ አገኙት፤ አባታቸው ለመመለስ ሠላሳ ዓመት የፈጀባቸውን መንገድ ልጆቻቸው ወዲያውኑ ተመለሱበት። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜም በምዕራብ በኩል ከተሰባሰበው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ማኅበሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ሲገድሉ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ተገደሉ። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በግብፅና በአሜሪካ ተምረው ከተመለሱት ጥቂት ወጣቶች መካከል በዚያ ወራት ያለቁት ብዙ ናቸው። ጠላት የተማረ ሰው ለአገሩ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ ያወቀ ይመስላል።

አባታቸው ይህን መርዶ በባዕድ አገር ሰሙ። በ1934 ዓ.ም. ነፃ ወደወጣችው አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም.ም በሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። የኢትዮጵያ ልጅ ሳይማረክ፣ ስሙንና ቋንቋውን ሳያጣ፣ በአገሩ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኝበትን ቀን ለማየት በቁ።

ከዚህ ታሪክ ለክርክራችን የምናገኘው መልስ ምንድን ነው? በበኩላችን የገባን ይህ ነው። ነፃ ትምህርት ዕዳ አለበት፤ ዕዳው ግን ሁለት ነው። አንዱ ለሰጪው የሚገባው ምስጋና ነው። ሐኪም ወርቅነህ የሁለቱን መኮንኖች ስም እስከ መጨረሻው መሸከማቸው፣ በርማ ውስጥም የአገልግሎት ዘመናቸውን በታማኝነት መፈጸማቸው ይህን ያሳያል። ሁለተኛው ግን ተማሪው ከመካከላቸው ለወጣው፣ ያ ዕድል ላልደረሳቸው ሰዎች የሚከፈል ነው፤ ይህም በምስጋና አይከፈልም። ሁለቱ ዕዳዎች ሳይጋጩ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በተጋጩ ቀን ግን የትኛው እንደሚቀድም የጣና ጉዳይና የለንደን ሙግት ያስተምሩናል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ ያ ሁሉ የዱሮ ሰው ገድል ነው፤ ዛሬ ተመልሶ የሚሠራበት ቦታ የማያገኝ ምሁር ምን ያድርግ? ይሉ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልናፌዝበትም አይገባም። ነገር ግን ሐኪም ወርቅነህም በመጀመሪያ ሲመጡ የጠበቃቸው ሆስፒታል አልነበረም፤ ድንኳን ነው። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ ጸንተው የተቀመጡት በሦስተኛው ነው። ስለዚህ የሄደውን ሁሉ ከዳተኛ ብለን አንፍረድ፤ የሄደውም መንገዱ ተዘጋ ብሎ አይቍረጥ።

በመጨረሻም ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አለን። አንደኛ፣ ነፃ ትምህርት አግኝቶ የሚሄድ ጓደኛችን ሁሉ ከመሄዱ በፊት ማመልከቻውን እንዴት እንዳዘጋጀና እንዴት እንደ ተመረጠ በአዳራሽ ንግግር ያድርግ፤ መንገዱን ለብቻው ይዞት አይሂድ። ሁለተኛ፣ ለዕረፍትም ቢሆን ሲመለስ ያየውንና የተማረውን በአማርኛ፣ ወይም አድማጩ በሚያውቀው በሌላ የአገራችን ቋንቋ ያስረዳ፤ በገዛ ቋንቋ ለመግለጽ ያልተቻለ ዕውቀት ገና አስተርጓሚ ይፈልጋልና። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በክረምት የሥራ ልምምድ የሚገኝባቸውን ቦታዎች፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትን ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የእርሻ ጣቢያዎች መዝግቦ ያስታውቅ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ሲያስተምሩና ሲሠሩ፣ ከሰጡት ይልቅ የተማሩት እንደ በለጠ ብዙዎቹ መስክረዋል።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አዳራሹ አለ፣ ሰሌዳው አለ፣ ይህችም መጽሔት አለች። የሚቀጥለው የነፃ ትምህርት ማስታወቂያ ሳይለጠፍ፣ ባለፈው ዓመት ሄደው ለዕረፍት የተመለሱትን ጓደኞቻችንን ጠርተን የመጀመሪያውን ንግግር እናሰማ።